ጄራርድ ባይንሸራተት ኖሮስ? የሚያዝያ 2006 ዘጠኝ ቀናት

የሊቨርፑሉ አምበል ስቲቨን ጄራርድ በዚያ ሚያዝያ ከቼልሲ ጋር ሲጫወት ተንሸራቶ ጎል ገባ፤ የፕሪሚየር ሊጉ ዋንጫም አመለጠ። የሊቨርፑል ደጋፊ ባለበት ሁሉ ይህ ክርክር አለ። አንዱ «ያቺ መንሸራተት ባትኖር ዋንጫው የኛ ነበር» ይላል። የዩናይትድ ወይም የቼልሲ ደጋፊ ደግሞ ቆሞ እየተንሸራተተ ያሳየዋል። የሚከራከሩት ስለ ሁለት ሰከንድ ነው። የዚያን ዓመት ዋንጫ ግን ሁለት ሰከንድ አልወሰደውም። ሂሳቡን ቁጭ ብሎ የሠራ ሰው ጄራርድን ነፃ ያወጣዋል። ጥፋተኛው ሌላ ቦታ ነው ያለው።

እሁድ ሚያዝያ 19 ቀን 2006 ዓ.ም. ዳግም ትንሣኤ ነበር፤ በፈረንጆቹ ኤፕሪል 27 ቀን 2014። ሊቨርፑል በሜዳው በአንፊልድ ቼልሲን የገጠመበት ጨዋታ በኛ ሰዓት ከቀኑ 10 ሰዓት ከ5 ላይ ሲጀመር ሊቨርፑል በ35 ጨዋታ 80 ነጥብ ነበረው፣ ቼልሲ በ35 ጨዋታ 75፣ ማንቸስተር ሲቲ በ34 ጨዋታ 74። ሊጉ ሊያልቅ ሲል ሰንጠረዥ የሚነበበው ከላይ ወደ ታች አይደለም። መጀመሪያ ተከታዩ የቀረውን ሁሉ ቢያሸንፍ የት እንደሚደርስ ይሰላል። ሲቲ አራት ጨዋታ ቀርቶታል፤ 12 ነጥብ ሲጨመር 86። ቼልሲ ሦስት ቀርቶታል፤ ሁሉንም ቢያሸንፍ 84። ነጥብ እኩል ሲሆን የሚለየው የግብ ልዩነት የሲቲ ስለሆነ 86 እኩል መድረስ ለሊቨርፑል አይጠቅመውም፤ 87 ያስፈልገዋል። ከሦስት ጨዋታ 7 ነጥብ ማለት ነው፤ ሁለት ማሸነፍ፣ አንድ አቻ።

ስለዚህ በዚያ እሁድ ከቼልሲ ጋር አቻ መውጣት ይበቃ ነበር። 0 ለ 0 አልቆ፣ ቀሪዎቹ ሁለት ተጋጣሚዎች ክሪስታል ፓላስና ኒውካስል ቢሸነፉ፣ ሲቲ ምንም ቢያደርግ ዋንጫው አንፊልድ ይገባል። ይህን ሂሳብ የአሠልጣኙ የብሬንዳን ሮጀርስ ሰዎች አላወቁትም ማለት አይቻልም። ግን ማወቅ ሌላ ነው፣ 0 ለ 0 መጫወት ሌላ። ያ ሊቨርፑል በሙሉ የውድድር ዓመቱ አንድም 0 ለ 0 አልነበረውም። አቻ የወጣባቸው ስድስት ጨዋታዎች እነዚህ ናቸው፦ ከስዋንሲ 2 ለ 2፣ ከኒውካስል 2 ለ 2፣ ከኤቨርተን 3 ለ 3፣ ከአስቶን ቪላ 2 ለ 2፣ ከዌስት ብሮም 1 ለ 1፣ እና በኋላ የምንመጣበት የፓላሱ 3 ለ 3። በስድስት አቻ 13 ጎል ገብቶበታል። አቻ ሲበቃው አቻ መጫወት የማይችል ቡድን ነው ቼልሲን የገጠመው።

የቼልሲ ሁኔታ የተገላቢጦሽ ነበር። በሳምንቱ መሐል ማድሪድ ላይ ከአትሌቲኮ ጋር በቻምፒየንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ 0 ለ 0 ተለያይቷል፤ ፒተር ቼክና ጆን ቴሪ እዚያው ተጎድተዋል፤ የመልሱ ጨዋታ ረቡዕ ይጠብቀዋል። አሠልጣኙ ጆዜ ሞሪንሆ ቡድኑን ቀያይሮ ነው የመጣው። በረኛው የ41 ዓመቱ ማርክ ሽዋርዘር፣ መሐል ተከላካይ ከኢቫኖቪች ጋር በፕሪሚየር ሊግ የመጀመሪያ ጨዋታውን የሚያደርገው ቶማሽ ካላስ። በቀኝ መስመር ደግሞ አንድ ግብፃዊ ልጅ ተሰልፏል፤ ሞሃመድ ሳላህ። አዎ፣ ያ ኋላ የሊቨርፑል የሆነው ሳላህ፤ በሰማያዊ ማሊያ አንፊልድ ላይ ፍላናጋንን ሲያሳድድ የዋለው።

አሰላለፉ በወረቀት ላይ ምንም ይሁን፣ ሜዳ ላይ ስድስት ሰው በ16 ከ50 (በፍጹም ቅጣት ምት ክልሉ) አካባቢ የተደረደረ መከላከል ነበር። ሳላህና ሹርለ የመስመር ተጫዋች ተብለው ነው የገቡት፤ ሥራቸው ግን የሊቨርፑልን የመስመር ተከላካዮች እየተከተሉ እስከ ራሳቸው ማዕዘን መውረድ ነው። ማቲች፣ ሚኬልና ላምፓርድ መሐሉን ዘግተውታል። መስመሩን አልዘጉትም፤ ሆን ብለው ነው የተዉት። ከመስመር የሚሻገር ረጅም ኳስ ለኢቫኖቪችና ለካላስ ምሳ ነው። ሱዋሬዝና ስተርሊንግ ዓመቱን ሙሉ ሰው የጨረሱት ከተከላካዩ ጀርባ ባለ ባዶ ሜዳ ነበር፤ ያን ቀን ከተከላካዩ ጀርባ የነበረው ሽዋርዘር ብቻ ነው። ሊቨርፑል ከ70 በመቶ በላይ ኳስ ይዞ የዋለው ቼልሲ ኳሱን ስላልፈለገው ነው።

እዚህ ላይ የሚዘነጋ ስም አለ፤ ጆርዳን ሄንደርሰን። ከሲቲ ጋር በተደረገው የ3 ለ 2 ጨዋታ መጨረሻ ቀይ ካርድ አይቶ ሦስት ጨዋታ ተቀጥቷል። በዚያ ቡድን ውስጥ ሄንደርሰን ኳስ አሳማሪ አልነበረም፤ ሯጭ ነበር። ጄራርድ ከጥር ወዲህ ከተከላካዮቹ ፊት ወርዶ ሲጫወት እግሩ እንደ ድሮው አይደለም፤ ያንን ክፍተት በሩጫ የሚሸፍነው ሄንደርሰን ነው። በሱ ቦታ ሉካስና አለን ሲገቡ ኳስ አያያዙ አልቀነሰም፤ የቀነሰው ወደፊት እየሮጠ ተከላካይ የሚጎትትና ኳስ ሲጠፋ ቀድሞ የሚደርስ ሰው ነው። ስተሪጅም ከጉዳት እየተመለሰ ስለነበር የጀመረው ከተጠባባቂ ወንበር ነው።

ቼልሲ ሰዓት መግደል የጀመረው ከመጀመሪያው ደቂቃ ነው። የግብ ምት ሲሆን ሽዋርዘር ኳሱን ያስቀምጣል፣ ያነሳል፣ ደግሞ ሌላ ቦታ ያስቀምጣል። እጅ ውርወራ ሲሆን ወርዋሪው ይቀየራል። ነገሩ የሚያስቀው በባከነው ሰዓት ላይ ነው፤ ዳኛው የጨመረው ቼልሲ የገደለውን ሰዓት ነው፣ ጎሉም የገባው በዚያው በተጨመረው ሰዓት፣ በ45+3 ነው።

እና ያቺ ኳስ። ሊቨርፑል ከኋላ ሲጀምር ሁለቱ መሐል ተከላካዮች ወደ ጎንና ጎን ይከፈታሉ፣ የመስመር ተከላካዮቹ ወደፊት ይወጣሉ፣ ጄራርድ መሐላቸው ይወርዳል። ያኔ ጄራርድ አማካይ አይደለም፤ የመጨረሻው ሰው ነው። መሐል ተከላካዩ ሳኮ በጎን፣ ቀጥ አድርጎ ሰጠው። ኳሷ ከእግሩ ሥር አለፈች፣ ሊደርስባት ሲዞር ተንሸራተተ፣ የቼልሲው ዴምባ ባ ብቻውን ሮጦ ከበረኛው ሚኞሌ ጋር ተፋጠጠና አገባ። ሁሉም የሚያየው መንሸራተቱን ነው። ከዚያ በፊት የሆነውን ግን ኳስ የሚያሠለጥን ሁሉ ለልጆቹ ሊያሳየው ይገባል። ከመሐል ተከላካይ ወደ መሐል የሚሰጥ ኳስ በጎን ቀጥ ብሎ ሲሄድ፣ ተቀባዩ ካመለጠው ከኳሱ ጀርባ ማንም የለም፤ ሰጪውም ተቀባዩም አንድ መስመር ላይ ስለሆኑ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ታልፈዋል። ትንሽ ወደ ኋላ ሰያፍ ሆኖ ቢሰጥ፣ ወይም ሌላኛው መሐል ተከላካይ ሳይከፈት ስምንት አስር ሜትር ወደ ውስጥ ገብቶ ቢቆም፣ ያቺ ስህተት እጅ ውርወራ ሆና ታልፍ ነበር። ደግሞስ በ45+3 ላይ፣ አቻ ለሚበቃው ቡድን፣ ከኋላ ከፍቶ መጫወት ምን ይሠራል? ኳሷን ወደፊት ለግቶ ወደ መልበሻ ክፍል መግባት ነበር።

ከእረፍት በኋላ ሊቨርፑል የሚያስፈልገው አንድ ጎል ብቻ ነው፤ 45 ደቂቃም አለው። ያደረገው ግን መሮጥ ነው። ጄራርድ ራሱ ጥፋቱን በገዛ እግሩ ሊያርም ከሩቅ ደጋግሞ መታ። ከ25 ሜትር የሚመታ ኳስ ስድስት ሰው ከፊት ቆሞ፣ በረኛው አይቶት፣ ምን ያህሉ ይገባል? የተሻለው ሙከራ የአለን ቮሊ ነበር፤ ሽዋርዘር አወጣው። እንዲህ የተደረደረ ቡድን የሚከፈተው በዝግታ ነው፤ ኳስ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ቶሎ ቶሎ እየተቀያየረ፣ ሳላህን የመሰለ ወጣት እስኪደክም፣ መሐልና መስመር ተከላካይ መካከል ክፍተት እስኪታይ። መጨረሻ ላይ ተቀይሮ የገባው ኢያጎ አስፓስ የመታት የማዕዘን ምት መሬት ለመሬት ሄዳ በቀጥታ ለቼልሲ ተጫዋች ደረሰች፤ የዚያ ከሰዓት መልክ እሷ ናት። በ90+4 ሁሉም ወደፊት ሄዶ ሜዳው ባዶ ሲሆን ቶሬስና ዊልያን ሁለት ሆነው ወደ ሚኞሌ መጡ፤ የቀድሞው የአንፊልድ ልጅ አቀበለ፣ ዊልያን ወደ ባዶ ጎል አስገባ። 2 ለ 0። በዚያው ቀን ሲቲ ፓላስን 2 ለ 0 አሸነፈ።

በመካከል ያሉትን ቀናት በአጭሩ። ቼልሲ ረቡዕ በአትሌቲኮ 3 ለ 1 ተሸንፎ ወጣ፤ እሁድ ደግሞ በሜዳው ከኖርዊች 0 ለ 0 ተለያይቶ የዋንጫ ተስፋውን በተግባር ጨረሰ። አንፊልድ ላይ ስድስት ሰው የደረደረ ቡድን፣ ራሱ የተደረደረ ቡድን ሲገጥመው መክፈት አቃተው። ቅዳሜ ሰንደርላንድ ኦልድ ትራፎርድ ላይ ዩናይትድን 1 ለ 0 አሸንፎ ከመውረድ ሊተርፍ ተቃረበ፣ ፉልሃምና ካርዲፍ በዚያው ቀን ወረዱ። ዩናይትድ ሞይስን አሰናብቶ ቡድኑን ለጊግስ ከሰጠ ሁለት ሳምንት አልሞላውም ነበር።

ቅዳሜ ሚያዝያ 25፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል፣ ጉዲሰን ፓርክ። የኤቨርተን ደጋፊ ከዚያ የባሰ ምሽት አሳልፎ አያውቅም፤ ቡድኑ ሲቲን ካሸነፈ ዋንጫውን ለጎረቤቱ ለሊቨርፑል ይሸልማል። ባርክሌይ በ11ኛው ደቂቃ እጅግ ያማረ ጎል ሲያገባ ሜዳው ውስጥ የነበረው ደስታ ግራ የተጋባ ይመስል ነበር። ከዚያ አጉዌሮ አቻ አደረገ፣ ወዲያው ተጎድቶ ወጣ። ኤዲን ጄኮ ከእረፍት በፊትና ከእረፍት በኋላ፣ በ43 እና በ48፣ ሁለት አስቆጠረ። ሉካኩ በ65 አንድ መለሰ፤ 3 ለ 2 አለቀ። ከሉካኩ ጎል በኋላ ያለውን 25 ደቂቃ ከሁለት ቀን በኋላ ከሚመጣው የፓላስ ጨዋታ ጋር ጎን ለጎን ማየት ጥሩ ትምህርት ነው። በአንድ ጎል ብልጫ፣ ያለ አጉዌሮ፣ ሲቲ ኳሷን ይዞ ከጎል አራቃት፤ በቃ።

አሁን ሲቲና ሊቨርፑል እኩል 36 ጨዋታ፣ እኩል 80 ነጥብ ናቸው። የግብ ልዩነት ሲቲ 59፣ ሊቨርፑል 50። የሚገርመው ሁለቱም ያስቆጠሩት እኩል 96 ነው፤ የ9 ጎል ልዩነቱ ሙሉ በሙሉ የመጣው ከተቆጠረባቸው ነው። ሲቲ ሁለት ጨዋታ ቀርቶታል፣ ሁለቱም በሜዳው፤ ቪላና ዌስት ሃም።

ሰኞ ሚያዝያ 27፣ የአርበኞች ቀን፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት፣ የፓላስ ሜዳ ሴልኸርስት ፓርክ። ሊቨርፑል ይህን ጨዋታ የገባው በተሳሳተ ሂሳብ ነው። ከሲቲ ለመብለጥ ሁለት መንገድ ነበረው። አንደኛው ሁለቱን ጨዋታ አሸንፎ 86 መድረስና ሲቲ አንዱን ብቻ አቻ እንዲወጣ መጠበቅ፤ ያኔ ሲቲ 84 ላይ ይቀራል፣ የግብ ልዩነት አያስፈልግም። ሁለተኛው ሲቲ ሁለቱንም ቢያሸንፍ በጎል መብለጥ። ሁለተኛውን እናስላው። ሲቲ ሁለቱንም በትንሹ 1 ለ 0 ቢያሸንፍ እንኳ ልዩነቱ 61 ይሆናል። ሊቨርፑል ከሁለት ጨዋታ 11 የተጣራ ጎል ይፈልጋል። ሲቲ ደግሞ በዚያ ዓመት በሜዳው ብቻ ከ60 በላይ ያገባ ቡድን ነው፤ 1 ለ 0 ሁለት ጊዜ የሚጠብቀው ሰው ካለ ተስፈኛ ነው። ስለዚህ ወርቁ ሦስቱ ነጥብ ነው፣ ጎሎቹ ፍርፋሪ።

ሊቨርፑል ግን ፍርፋሪውን ሊለቅም ሄደ። አለን በ18ኛው ደቂቃ በጭንቅላት፣ ሁለተኛው በ53 ስተሪጅ መትቶት የፓላሱን ተከላካይ ዴላኒን ነክቶ፣ ሱዋሬዝ በ55። 3 ለ 0። ሱዋሬዝ ኳሷን ከመረብ አውጥቶ ወደ መሐል ሮጠ። 3 ለ 0 እየመራህ ኳስ ከመረብ አውጥተህ ስትሮጥ ባላጋራህም ጨዋታው አላለቀም ብሎ ያምናል። ስተርሊንግ ሲወጣ የገባው ኩቲንሆ ነው፤ አጥቂ በአጥቂ።

79፣ 81፣ 88። ዘጠኝ ደቂቃ። የመጀመሪያው ዴላኒ ከሩቅ መትቶት ጆንሰንን ነክቶ ገባ፤ ይህ ዕድል ነው፣ ማንም ላይ ይደርሳል። ሁለተኛው ግን ዕድል አይደለም። ቦላሲ ኳሷን ይዞ ግማሽ ሜዳ ሲሮጥ ከፊቱ የቆመለት የለም፤ የመስመር ተከላካዩ አራተኛውን ጎል ፍለጋ ሄዷል፣ አማካዮቹ አልተመለሱም፣ የቀሩት ተከላካዮች ደግሞ ከመውጣት ወደ ኋላ መሸሽን መረጡ። ጎሉን ያገባው ተቀይሮ የገባው ድዋይት ጌይል ነው። ሦስተኛው ደግሞ በሠፈር ሜዳ እንኳ የሚያናድድ ነው፤ ረጅም ኳስ፣ ግሌን መሪ በደረቱ ያበርዳል፣ ጌይል ይጨርሳል። መሪ ኳሷን ሲያበርድ ጀርባው ላይ የተጣበቀ፣ ጌይል ሲገባ የተከተለው ሰው የለም።

ያን ዘጠኝ ደቂቃ እንዴት መዝጋት ይቻል ነበር? ምንም ጥበብ አይፈልግም። 3 ለ 1 ሲሆን የመሐል ምቱን ወዲያው ወደፊት አለመወርወር፤ ኳሷን ሁለት ሦስት ደቂቃ ከኋላ ማዞር፣ ስታዲየሙ እስኪበርድ። ሁለቱ የመስመር ተከላካዮች ከመሐል መስመር እንዳያልፉ ማድረግ። አንድ ተከላካይ ማስገባት፤ ተከላካይነቱ ብቻ ሳይሆን ቅያሬው ራሱ አንድ ደቂቃ ይበላል፣ የባላጋራን ትንፋሽ ይሰብራል። ወደፊት ስትሄድ ኳሷን ወደ 16 ከ50 ሳይሆን ወደ ማዕዘን ባንዲራ መውሰድ። ቶኒ ፑሊስ፣ እዚያው ሜዳ ላይ በተቃራኒው ወንበር የተቀመጠው ሰውዬ፣ ይህን ተኝቶም ያደርገዋል። ዓለም የሚያስታውሰው ፊቱን በማሊያው ሸፍኖ የሚያለቅሰውን ሱዋሬዝን ነው።

የ3 ለ 3 ጉዳቱ ከሚመስለው ይከፋል። አሸንፎ ቢሆን የሲቲ አንድ አቻ ይበቃው ነበር። አሁን 81 ላይ ነው፤ ኒውካስልን አሸንፎ 84 ሲደርስ ሲቲ አንዱን አሸንፎ አንዱን አቻ ቢወጣ እሱም 84 ይሆናል፣ በግብ ልዩነት ይበልጣል። ስለዚህ ሲቲ እንዲሸነፍ መጸለይ ነበረበት፤ በሜዳው፣ ከቪላ ወይም ከዌስት ሃም።

እና ጥፋተኛው? ሁለቱን ቀን ለየብቻ አንስተን እንያቸው። ጄራርድ ባይንሸራተትና አንፊልድ ላይ 0 ለ 0 ቢያልቅ፣ ፓላስ ላይ ግን 3 ለ 3 እንደሆነ ቢቀር፣ ሊቨርፑል በ85 ይጨርሳል፣ ሲቲ በ86። በተቃራኒው ጄራርድ ተንሸራቶ፣ ፓላስ ላይ 3 ለ 0 ቢያልቅ፣ ሁለቱም 86፤ ሲቲ በ65 የግብ ልዩነት፣ ሊቨርፑል በ54። በሁለቱም ዋንጫው ማንቸስተር ይሄዳል። ሁለቱም መስተካከል ነበረባቸው፤ ሁለቱም ደግሞ አንድ በሽታ ናቸው።

በሽታው 50 ነው። ሊቨርፑል 101 አግብቶ 50 ተቆጠረበት፣ ሲቲ 102 አግብቶ 37፣ ቼልሲ ላይ የገባው 27 ብቻ። በ38 ጨዋታ ፕሪሚየር ሊግ እስከዚያ ድረስ ከፍተኛ ጎል ተቆጥሮበት ዋንጫ የወሰደው የ1999/2000 ማንቸስተር ዩናይትድ ነው፣ በ45። ከየካቲት ጀምሮ በተከታታይ ያሸነፋቸው 11 ጨዋታዎች ራሳቸው ይህን ይናገራሉ፤ 38 አግብቶ 15 ገባበት፣ ስድስቱን ያሸነፈው በአንድ ጎል ልዩነት ነው። ፉልሃምን 3 ለ 2፣ ስዋንሲን 4 ለ 3። ካርዲፍን 6 ለ 3 ሲያሸንፍ እንኳ ሦስት ገባበት። ማርቲን ስከርትል በራሱ መረብ ላይ አራት ጊዜ አስቆጥሯል። ሰው ያኔ ይህን «ውብ ኳስ» ነበር የሚለው፤ ውብም ነበር። ግን ዓመቱ ሲጀመር፣ ሱዋሬዝ በቅጣት ባልነበረበት በነሐሴ፣ ይኸው ቡድን ስቶክን፣ ቪላንና ዩናይትድን በተከታታይ 1 ለ 0 አሸንፏል። መዝጋት ይችል ነበር ማለት ነው፤ ማግባት ሲበዛለት ተወው።

ጨዋታዎቹን ዛሬ መልሶ ማየት የፈለገ ጎሎቹን ብቻ የቆረጠውን ቪዲዮ ይተወው። የአንፊልዱን ከ40ኛው ደቂቃ እስከ እረፍት፣ የጉዲሰኑን ከ65 እስከ መጨረሻ፣ የፓላሱን ከ55 እስከ 88 ይይ። ኳሷን ሳይሆን የሊቨርፑልን የመስመር ተከላካዮች ብቻ ይከተል፤ ኳስ ሲጠፋ የት እንደቆሙ።

ረቡዕ ማታ ሲቲ ቪላን ገጠመ። እስከ 64ኛው ደቂቃ 0 ለ 0 ነበር፤ አንድ ሰዓት ሙሉ የሊቨርፑል ደጋፊ ሌላ ሂሳብ ሲሠራ ቆየ። ከዚያ ጄኮ፣ በ72 እንደገና ጄኮ፣ መጨረሻ ላይ ዮቬቲች። በባከነው ሰዓት ደግሞ ያያ ቱሬ ከራሱ ሜዳ ተነስቶ እስከ ቪላ 16 ከ50 ሮጦ አራተኛውን አገባ።